ለቤት የቀረ ቀልድ

በሦስተኛውም ቀን ለቀስተኛው ሁሉ በር ላይ ጫማውን ጠርጎ ሲገባ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ቀልደኛው ነበር። «አይዞህ፣ ወንድምህን አጣህ» እያለ አቅፎት ያለቅሳል። ሚስትየዋ ጋ የሚደርሰው እንባውን ከጠረገ በኋላ ነው። ለመሆኑ ባል የሞተው የማን ነው? ቀናች። 

ባሏ ከቀልደኛው ጋር በአንድ የቀልድ ባንድ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አኮርዲዮን ተጫውቷል። መድረክ ላይ ትንፍሽ አይልም ነበር። ቀልደኛው ወሬውን ጫፍ ሲያደርሰው እሱ አኮርዲዮኑን ለጥጦ ይይዝና ኮስተር ብሎ ዝም ይላል። ሰው መታገሥ ሲያቅተው አንዲት ቀጭን ድምፅ ይለቃል፤ ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል አሉ። አሉ ነው እንግዲህ፤ እሷ አንድ ቀን እንኳ አላየችውም። «አንቺ ካለሽ ጣቴ ይተሳሰራል» ብሎ ከልክሏታል።

ከጉዞ ሲመለስ ማንገቻው የቆረጠውን ትከሻውን በቅባት ታሽለት ነበር። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ ነገር ያወራላታል። እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ በኋላ ግን ትበሽቃለች። ይሄን ስንቱ ስቆበት ይሆን የመጣው?

አሁንም ቀልደኛው ሳሎን ውስጥ የጉዟቸውን ወሬ እያወራ ለቀስተኛውን ያስቃል፣ ያስለቅሳል። አላስችላት ሲል ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ቀልደኛው ባዶ ብርጭቆዎች ሰብስቦ ተከተላት።

«እህቴ፣ ተቀይመሽኛል።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት በላችሁት። ለእኔ የደረሰኝ ትራፊው ነው። እናንተ የጠገባችሁትን ቀልድ አሙቆ ያቀርብልኛል።»

«የቱን ቀልድ?»

በንዴት የኮቱን ጀመረችለት፤ ሰውዬው ከልብስ ሰፊው ጋር ለአንድ ኮት ሰባት ዓመት ሲጨቃጨቅ። ቀልደኛው ብርጭቆዎቹን አስቀመጠ። ሰምቶት አያውቅም። በባንዱ ደንብ ሰኞ ሰኞ ልምምድ ላይ እያንዳንዱ አዲስ ቀልድ ይዞ ይቀርባል፤ ባሏ ግን ሁሌ ባዶ እጁን ነበር። «እኔ ቀልድ አይመጣልኝም፣ የእኔ ነገር ጣቴ ብቻ ነው» እያለ ዕድሜ ልኩን አሳመናቸው።

«ስንት አሉ እንደዚህ ያሉ?»

«እኔ እንጃ። ብዙ ነው።»

የቀልደኛው ፊት ተለዋወጠ። ቅናትን ስታይ ታውቃታለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ እሷው ላይ ነበረች። «ስንት ዓመት ለመንኩት» አለ። «እስቲ ጨርሺልኝ፤ ኮቱ ምን ሆነ?»

አፏን ከፈተች። ባሏ መጨረሻውን ከመናገሩ በፊት ዝም የሚላት ዝምታ መጣባት።

«እሱ የቤት ነው» አለች። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጭና ጀርባዋን ሰጠችው፤ ሳቋን ልትይዝ ስትታገል ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።