ሁሉም ያነበበው ፋይል

በ2008 ታኅሣሥ ሰበታ ውስጥ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ያላነበበ ሰው ቢፈለግ የምትገኘው ሃዋ ብቻ ነበረች። ሻይ ቤት የተቀመጠው አንብቧል፣ ጋሪ የሚነዳው አንብቧል፣ ከስብሰባ የተመለሰውም "እኔ ራሴ አይቼዋለሁ" ይላል። ሃዋ ግን ዋናው መንገድ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ እያላት፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት በእጇ ሲያልፍ እየዋለ፣ ያን ወረቀት አላየችም።

ባሏ ጃዕፈር ከሁሉም በላይ አንብቧል። ከሱቋ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ግን መለዋወጫ የሚፈልግ መኪና ስለሌለ ሥራው ማስረዳት ሆኗል። ምሳ ላይ ዳቦውን ይቆራርስና ሳህኑ ዳር ይደረድረዋል።

"ይኸውልሽ፣ ይሄ ቀዩ ዞን ነው፤ ይሄ አረንጓዴው። ተፍኪ እዚህ ጋ ትገባለች።"

"የት አየኸው፣ የሲድራ አባት?"

"አንድ የታመነ ሰው ላፕቶፕ ላይ።"

"ስንት ገጽ ነው?"

"ረጅም ነው። ገጹን ማን ይቆጥራል፣ ቁም ነገሩ ነው እንጂ።"

ሃዋ አረንጓዴውን ዞን ታነሳና ወጥ አጥቅሳ ትበላዋለች።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይቀለዳል እንጂ ውጭው ቀልድ አልነበረም። አስፋልቱ ጎማ ሲቃጠልበት ሰንብቶ ጠቁሯል። ተማሪዎች ታስረዋል፤ አንዳንዱ ደጅ ላይ የሐዘን ድንኳን ተተክሏል። ገበሬው "መሬቴ ወደ አዲስ አበባ ሊጠቃለል ነው" እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ሃዋም የሱቋን መዝጊያ ከግማሽ በላይ ከፍ አታደርገውም፤ ደንበኛ የሚገባው ጎንበስ ብሎ ነው።

አንድ ረፋድ እንደዚያ ጎንበስ ብለው የገቡት ኦቦ ቦጂያ ነበሩ። ከተፍኪ ከተማ ወዲህ ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድር ላይ ንግግር ሲጀምሩ ሰው ወንበሩን አመቻችቶ፣ ጋቢውን ሰብስቦ ነው የሚያዳምጣቸው፤ ቶሎ እንደማያልቅ ያውቃላ። መኪና ስለሌለ ግማሹን መንገድ በጋሪ፣ ግማሹን በእግር መጥተዋል። አብረዋቸው የመጡ ጎረቤቶቻቸው ውጭ ጥላ ሥር ቆመዋል።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ? ደህና አደርሽ፣ ልጄ?"

"ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ ቦጂያ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

ተቀመጡና የመሐረባቸውን ቋጠሮ ፈተው ፍላሽ አወጡ። "ማስተር ፕላኑ ነው። ከሰው ሰው ዞሮ ደረሰኝ። የእኔ መሬት ያለበትን ገጽ ብቻ አትሚልኝ።"

"አይተውታል ማለት ነው?"

"እንዴታ። ለመንደሩ ያስረዳሁት እኔ አይደለሁ? መሬቴ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነው።"

ሃዋ ፍላሹን ሰካች። ውስጡ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ስሙም "ማስተር ፕላን ፋይናል" ይላል። ሁለቴ ክሊክ ስታደርገው ኮምፒውተሩ "በምን ልክፈተው?" ብሎ ጠየቃት። ያለፈው ሳምንት ቫይረስ ገብቶበት ፎርማት ተደርጎ ነበር፤ የፒዲኤፍ ማንበቢያው አብሮ ጠፍቷል። አዲስ ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ደግሞ ከተቆረጠ ሰንብቷል። በወርድ ሞከረችው። ስክሪኑ በጥያቄ ምልክትና በአራት ማዕዘን ተሞላ።

ኦቦ ቦጂያ አንገታቸውን አስግገው አዩት። "ይሄ የማን ቋንቋ ነው?"

"የማንም አይደለም። አልከፈት ብሎ ነው።"

"እንዳናነበው ሆን ብለው ነው" አሉ፤ ብዙም አልገረማቸውም።

ይህን ጊዜ ጃዕፈር መዝጊያው ሥር ብቅ አለ። ማስተር ፕላን የሚለው ቃል በግድግዳ ውስጥ ሳይቀር ይሰማዋል። "አጥፍተሽ አብሪው" አለ። አጥፍታ አበራችው። ያው ነው።

ሃዋ ትንሽ አሰበች። ኢንተርኔት በነበረ ጊዜ የሥራ ማስታወቂያ ስትፈልግ እንዲህ ያለው ፋይል እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ይከፈትላት እንደነበር ትዝ አላት። "በብራውዘሩ ልሞክረው" አለች።

"ኢንተርኔት በሌለበት?" አለ ጃዕፈር። "ብራውዘር ያለ ኢንተርኔት ቤንዚን የሌለው መኪና ማለት እኮ ነው፣ ሃዊ።"

"ፋይሉ እዚሁ ፍላሹ ላይ ነው። ምን ሩቅ አገር ይሄዳል?"

ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋ፣ ይከፈትበት ከሚባሉት ፕሮግራሞች መካከል ብራውዘሩን መረጠች። "ሁልጊዜ በዚህ ይከፈት" የምትለዋን ሳጥንም ራይት አደረገችባት። ብራውዘሩ ተከፈተ፤ ገጹ ግን ባዶ ነው። ከጎኑ ሌላ ባዶ ገጽ መጣ። ከዚያ ሌላ። ማንም ሳይነካው ባዶ ገጽ እየተከታተለ ይደረደር ጀመር።

"ቫይረስ ነው፣ ፍላሹን ንቀይው" አለ ጃዕፈር ወደ ኋላ እያለ።

"መንግሥት ነው" አሉ ኦቦ ቦጂያ በእርጋታ።

ሃዋ ሁሉንም ዘጋጋችና እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስክሪኑን አየችው። ቀስ በቀስ ገባት። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ለብራውዘሩ ይሰጣል፤ ብራውዘሩ ደግሞ "ፒዲኤፍ የእኔ ሥራ አይደለም" ብሎ ለኮምፒውተሩ ይመልሳል፤ ኮምፒውተሩም መልሶ ለብራውዘሩ።

"ቀበሌና ማዘጋጃ ቤት ሆነውብኝ ነው እኮ" አለች።

ብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የፋይል ዓይነቶች የተዘረዘሩበትን ቦታ ፈለገች። ከፒዲኤፍ ትይዩ "በሌላ ፕሮግራም ይከፈት" ተብሎ ተሞልቷል። እሱን ትታ "እዚሁ ብራውዘሩ ውስጥ ይከፈት" የሚለውን መረጠች። ዘጋችና ፋይሉን እንደገና ሁለቴ ነካችው። ተከፈተ።

ፊት ለፊቱ ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል "ማስተር ፕላን" ይላል፤ ዙሪያውን ጽጌረዳ ተሥሎበታል።

"አበባው ምንድን ነው?" አሉ ኦቦ ቦጂያ።

"የአበባ እርሻው ነዋ" አለ ጃዕፈር። "መሬቱን ለአበባ እርሻ ነው የሚወስዱት ስላችሁ።"

ሁለተኛው ገጽ ካርታ ነበር፤ ብዙ ክቦች አሉበት፤ ገሚሱ ቀይ፣ ገሚሱ አረንጓዴ። ጃዕፈር ጣቱን ዘረጋ። "ይኸው ቀዩ ዞን። ይኸው አረንጓዴው።" ከሁሉም በላይ የተገረመው እሱ ራሱ ይመስል ነበር።

ኦቦ ቦጂያ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። "እነዚህ ክቦች ኩሬ ናቸው? የገፈርሳ ግድብ የትኛው ነው?"

ሃዋ ጽሑፉን አጎላችና ለራሷ አነበበችው። ከዚያ እንደገና አነበበችው። ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና "ክቡ ጠረጴዛ ነው፣ ኦቦ ቦጂያ" አለች። "ቀይ ጨርቅ የሚነጠፍበት ለሙሽራው ቤተሰብ፣ አረንጓዴው ለሙሽሪት ቤተሰብ።"

"የምን ሙሽራ?"

"የኢብሳና የዱርሲቱ ሰርግ ይላል። ቡራዩ።"

"ኢብሳ የእህቴ ልጅ ነው" አሉ ሽማግሌው። ኢብሳ ቡራዩ ግብርና ቢሮ የሚሠራ፣ ያለ ዕቅድ ጸጉሩን የማይቆረጥ ልጅ ነው። የሱሉልታዋን ዱርሲቱን ሊያገባ ሲያስብ የሰርጉን ዝግጅት ሁሉ ጽፎ፣ ለቀልድ "ማስተር ፕላን" ብሎ ሰይሞት ኖሯል። ስሙን ያየ ሰው ደንግጦ ቀዳው፤ ከእሱ ሌላው ቀዳ፤ ማንበቢያ እንዳያወርዱ ኢንተርኔት የለምና አንዱም አልከፈተውም፤ ሁሉም ግን አነበበው።

ሃዋ ወደ ባሏ ዞረች። "የታመነው ሰው ላፕቶፕ ላይ ያየኸው ይሄን ነው?"

ጃዕፈር ሱቁን ክፍት ትቶ መምጣቱ ትዝ አለው። "ቆይ፣ እዚያ ማንም የለም..."

"ቁጭ በል፣ የሲድራ አባት። ተፍኪ የትኛው ጠረጴዛ ጋ ነው የምትገባው?"

ጃዕፈር ቁጭ አለ። ሃዋ ቀጣዩን ገጽ ስታወርድ እንግዶች የሚቀመጡበት ቦታ ከነስማቸው ነው። "ይኸው፣ እርስዎም አሉ። ሦስተኛው ጠረጴዛ" አለችና ገጹን ልታሳልፈው ሆነ።

"ከዚያስ? ሌላም ተጽፏል እኮ።"

"ይቅርብዎት።"

"አንብቢልኝ፣ ልጄ።"

"ከማይክራፎን ራቅ ተደርገው ይቀመጡ ይላል።"

ኦቦ ቦጂያ መጀመሪያ ፊታቸው አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸው ከሆዳቸው ነው የመጣው፤ ዓይናቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። "እናቱ ናት ያስጻፈችው። እህቴን አውቃታለሁ።"

ወዲያው ግን ጣታቸው ከሙሽራው ስም ጎን ባለው ስም ላይ አረፈ። ፊደሉን በሚገባ አያነቡትም፤ ይሄንን ስም ግን ለዩት። "ጋሮማ" አሉ። የኢብሳ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሚዜ ሊሆን የታሰበው እሱ ነበር። ኅዳር ላይ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ታስሮ ተወስዷል፤ የት እንዳለ ከታወቀ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። ሰርጉም በዚያው ቆሟል።

ሃዋ ውሃ ቀዳችላቸው። ጠጥተው ተነሱና ጎንበስ ብለው ወደ ጎረቤቶቻቸው ወጡ። ድምፃቸው በመዝጊያው ሥር ይገባል።

"ሰርግ ነው" ሲሉ ሰማች። "የኢብሳ ሰርግ።"

ውጭ ረጅም ሳቅ ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ እንዲያ ሲሳቅ ከሰማች ቆይታለች። ከዚያ አንደኛው ጎረቤት ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጠየቃቸው።

"እውነተኛውስ?"

"እውነተኛውን አላየሁትም። እስካሁን ከነገርኳችሁ ግማሹን ከሰው ነው የሰማሁት።"

"ሌላውን ግማሽስ?"

"እሱን እኔ ጨመርኩበት።"

እንደገና ተሳቀ፤ ይሄኛው ግን አጭር ነበር። እዚህ ፋይል ላይ መሬታቸው የለም ማለት ሌላ ወረቀት ላይ የለም ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃሉ።

ኦቦ ቦጂያ ተመልሰው ገቡና ለኢብሳ እንዲደወልላቸው ጠየቁ፤ ኢንተርኔቱ ቢቆረጥም ስልኩ ይሠራል። ሃዋ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ማስተር ፕላንህ ሰበታ ደርሷል" አሉት። "ሰው ሁሉ አጥንቶታል። ከቀይ ጨርቁ በቀር ተቃውሞ የለም።"

ኢብሳ ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው በኀፍረት ሳቀ፤ ከዚያም ድምፁ ወረደ። "አጎቴ፣ ጋሮማ ሳይፈታ እንዴት እደግሳለሁ? መኪናስ በየት ያልፋል?"

"እናትህ ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት ወጥታለች?"

"አልወጣችም።"

"ስለዚህ ሰው ወደ እሷ ይምጣላት። አዳራሹም መኪናውም ይቅር። በእግር እንመጣለን። ጋሮማንም ሂዱና ጠይቁት፤ አይሆንም ካለ ይቀራል።"

ጋሮማ አይሆንም አላለም። እንዲያውም እስር ቤት ልትጠይቀው የሄደችውን ዱርሲቱን "ያለ እኔ ከጨፈራችሁ ስወጣ ትደግሙልኛላችሁ" ብሎ መልሷታል።

ጥር ላይ ዕቅዱ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ያመነም ነበር፣ ያላመነም ነበር፤ መንገዱም አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ከረመ። ሰርጉ የካቲት ላይ፣ ጾም ሳይገባ፣ ቡራዩ፣ የኢብሳ እናት ግቢ ውስጥ ተደገሰ። ሃዋና ጃዕፈርም ተጠርተው ታክሲ እየቀያየሩ ሄዱ። ኦቦ ቦጂያ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ መታረዱን ራሳቸው አይተው አረጋግጠው ነበርና ደጅ ላይ ተቀብለው ይህንኑ ሰፋ አድርገው አብራሩላቸው።

ሙሽሮቹ አጠገብ የሚዜው ወንበር ባዶ ነበር፤ መደገፊያው ላይ አዲስ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ማንም አላነሳውም፣ ማንም አልጠየቀም። ዱርሲቱ ምግብ ሲቀርብ ከሁሉም ቀድማ እዚያ ፊት ሳህን አስቀመጠች፤ አማቷ አይታ ፊቷን አዞረች፤ ቆይታ ግን ተነሥታ ከሴቶቹ ጋር አጨበጨበች።

ማታ ሳይመሽ ወደ ሰበታ ሲመለሱ ጃዕፈር በመስኮቱ ውጭውን ያያል። ሃዋ ስለ ሰርጉ ማብራራት እስኪጀምር ጠበቀችው፤ አልጀመረም።

"ሃዊ" አላት በኋላ፣ "ያን ሴቲንግ ለእኔም አሳይኝ።"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ሌላ ፋይል ይመጣል። እንዲያው ራሴ ባነበው ብዬ ነው።"

ልትቀልድበት አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታየው ተወችው። "ነገ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ አሳይሃለሁ" አለችው። ታክሲው ፍተሻ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ሁለቱም መታወቂያቸውን ያወጡ ጀመር።