አርባ ቃል ያለው ቁልፍ

ያልሸጥኩላቸው ፕሮግራም በኮምፒውተራቸው ላይ እንዴት ተከፈተ?

ይህን ለራሴ የጠየቅኩት በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. ጋምቤላ ውስጥ አንድ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ፕሮግራሜን ልሸጥላቸው ነበር የሄድኩት። ኃላፊው አቶ ጩዎል «ለጊዜው አያስፈልገንም» ብለው በትህትና ወንበር ሰጡኝ። ቁጭ ብዬ ቀና ስል፣ እኔው የሠራሁት ሰማያዊ ገጽ ከስክሪኑ ላይ ያየኛል።

ፕሮግራሙ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ይመዘግባል። ኩባ አሥራ አንድ ዓመት ተምሬ ስመለስ ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ቢሮ በቢሮ ላይ ይከፈታል፣ ደብዳቤው ይጎርፋል፣ የትኛው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ለዚያ ሠራሁት። እንዳይሰረቅም ቆለፍኩት። ፕሮግራሙ ያለበትን ፍሎፒ ዲስክ መቅዳት ለማንም ቀላል ነው፤ ቁልፉ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ከአንድ እስከ አርባ ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይጠራል፣ ከቁጥሩ ጎን ያለውን ቃል ጻፉልኝ ይላል። ሦስቴ የተሳሳተ ለዚያ ቀን ይዘጋበታል። አርባዎቹን ቃላት ጠቆር ያለ ቀይ ወረቀት ላይ አትሜ ለገዢ ብቻ እሰጣለሁ። የከተማውን ፎቶ ኮፒ ማሽን ሞክሬበታለሁ፤ ከሰል የመሰለ ወረቀት ነው የተፋው። በዚያ ላይ የገዛው ቢሮ ጸሐፊ «በእጄ አልገለብጥም፣ ለማንም አላውስም» ብላ ትፈርማለች።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ ድርጅት ደግሞ፣ ቁልፉ ሦስት ወር ሳይሰበር ከቆየ ፕሮግራሙን ለሌሎች ክልሎች ሊያከፋፍልልኝ ቃል ገብቷል። ሥራ አስኪያጁ «እዚህ አገር ያልተቀዳ ነገር አይቼ አላውቅም። አሳየኝና አምንሃለሁ» ብሎኛል። ሦስቱ ወር ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከሞላ ጋምቤላ እቀመጣለሁ፤ ካልሞላ ናይሮቢ ጓደኛዬ ያገኘልኝ ሥራ አለ። የምቆይበት አገር ይህ ነው አይደለም የሚለውን መወሰን ስላቃተኝ፣ ለቁልፉ ትቼው ነበር።

«አቶ ጩዎል፣ ቀዩን ወረቀት ማን ሰጣችሁ?»

«ወረቀት የሚባል የለንም። ፈትሽ!»

መሳቢያውን ሁሉ ከፈቱልኝ። የለም። ጸሐፊያቸው ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችልኝ። ቁጥሩ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ ጸሎት መሰለኝ። ከዚያ ጻፈች። ተከፈተ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ንዴቴ እንዲበርድልኝ ባሮ ወንዝ ወረድኩ። አክስቴ አቻን ከሴቶቹ ጋር ልብስ ታጥባለች። መሐላቸው ኛቡዋይ አለች፤ መጀመሪያ የገዛኝ ቢሮ ጸሐፊ ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የአማርኛ መዘምራንም የምትመራ።

«አንድ!» አለች ኛቡዋይ።

«ዓሣ!» አሉ ሴቶቹ፣ እርጥቡን ልብስ ድንጋይ ላይ እየመቱ።

«ሁለት!»

«ማሽላ!»

«ሦስት!»

«ጉማሬ!»

ቃላቴ! በተራቸው፣ በዜማ፣ በጭብጨባ! ማዶ መረቡን የሚጠግነው ዓሣ አጥማጅ እንኳ በወፍራም ድምፁ ይቀበላል።

«እህት ኛቡዋይ! ፈርመሽልኝ የለም ወይ?»

«ፈርሜአለሁ፣ ወንድም ኒካው። አልጻፍኩም። አላዋስኩም። ወረቀትህ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል።»

«ይህስ?»

«ይህማ መዝሙር ነው። አትዘምሪ የሚል የት ላይ ነው የፈረምኩት? እኛ ለመቶ ሰው ሦስት የመዝሙር መጽሐፍ ነው ያለን። የምንይዘው ሁሉ በቃል ነው። የአንተንም ወረቀት በየጠዋቱ ከማወጣ ብዬ ዜማ ሰጠሁት። ልምምድ ላይ ሰሙኝ፣ ወደዱት። ምን ላድርግ?»

«ፍሎፒውስ?»

«ለፍሎፒው ምንም አላስፈረምከኝም። ለጠየቁኝ አምስት ቢሮዎች ቀዳሁላቸው።»

«ቃሉ ያንተ ነው እንዴ?» አለች አክስቴ። «ጎረቤቴ ልጇን ቁጥር የምታስተምረው በዚህ ነው እኮ!»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ማንም አልጠበቀኝም፤ ዜማው ቀጥሏል።

«ሃያ ስድስት!»

«አዞ!»

«ሃያ ሰባት!»

ግማሾቹ «ጀልባ!» አሉ፣ ግማሾቹ «መቅዘፊያ!»። ዜማው ተሰበረ፣ ጭቅጭቅ ተነሳ።

«ሃያ ሰባት ሁልጊዜ ያጣላናል» አለች ኛቡዋይ። «ወረቀቱን ልይ እላለሁ፣ ዘምሬ ስጨርስ እረሳዋለሁ። እነ አቶ ጩዎል ቢሮ በእሱ ምክንያት ፕሮግራሙ ሁለት ቀን ተዘግቶባቸዋል፣ አሳዘኑኝ።»

«መረብ!» ብዬ ጮህኩ። «ሃያ ሰባት መረብ ነው! ጀልባ ሠላሳ ሦስት ላይ ነው!»

ልብሱን ጥለው አጨበጨቡ። ከዚያ እልልታው ባሮን ተሻገረ። የሠራሁትን ቁልፍ በገዛ እጄ መስበሬ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሳቄ መጣ፣ አላቆም አለኝ፣ ተንሸራትቼ ከነሱሪዬ ውኃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። አቻን በሳሙና እጇ ትጠቁመኛለች፦ «አሥራ አንድ ዓመት ኩባ! ቁልፍ መሥራት አስተማሩት፣ አፉን መዝጋት ረሱ!» ሃያ ስምንትን እኔ ነኝ የመራሁት። እስከ አርባ አደረስኳቸው። ደግመን ከአንድ ጀመርን፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ድምፄ ጠፋ።

ሰኞ ፋክስ ልልክ ቴሌ ሄድኩ። የቀሩትን ቀናት ዝም ብል አዲስ አበባ ያለ ሰው አያውቅም ነበር። ሰልፍ ላይ ሆኜ ሁለቴ ልመለስ አልኩ፤ ከኋላዬ የቆመችው ሴት ግን «አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት» እያለች ታንጎራጉራለች። ይህን ጻፍኩ፦

«ለሥራ አስኪያጁ። ቁልፉ በሁለት ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ተሰብሯል። የሰበሩት የአማርኛ መዘምራን ናቸው፤ እኔም አግዣቸዋለሁ። የገዙት ቢሮዎች ሁለት፣ የሚጠቀሙት ሰባት። ፕሮግራሙ ግን አንድም ደብዳቤ አልጠፋበትም። በመዝሙር የማይሰበር ቁልፍ መሥራት እንደምችል እርግጠኛ አይደለሁም፤ ልሞክር ወይ? ቃላቱን አያይዣለሁ። ዜማው በፋክስ አይሄድም። ከደወላችሁልኝ እዘምርላችኋለሁ። ኒካው፣ ጋምቤላ።»

የናይሮቢውን ጓደኛዬን «ከአዲስ አበባ መልስ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። ፋክሱ መድረሱን የሚያሳይ ወረቀት ተሰጥቶኛል። መልስ አልመጣም።