የምትስቀው ማዙ

አባቴ «በባሕሩ ዳር እየነዳን ጥንታዊ ቦታዎችን እንይ» አለ። እኔ መሪ ጨበጥኩ፤ አባቴ ከጎኔ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዩዌሻ ከአንድ ከረጢት ዘይቱን ጋር ኋላ ተቀመጡ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። አባቴ እትዬ ዩዌሻን ማግባት እንደሚፈልግ የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። እሱ ግን የባሕር ጠባቂዋ ማዙ ሳትፈቅድ አይሆንም ባይ ነው። ማዙ ደግሞ በየባሕር ዳር መንደሩ መቅደስ አላት። ጉብኝቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ሉካንግ ከተማ አባቴ የመቅደሱን የተቀረጸ ጣሪያ ቀና ብሎ ሳያይ ገብቶ ተንበረከከና የማዙ መልስ የሚጠየቅባቸውን ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች ጣለ። አንዱ ጎባጣ ጀርባውን፣ ሌላው ጠፍጣፋ ሆዱን ቢያሳይ «እሺ» ነው። ሁለት ጀርባ «የለም» ነው። ሁለቱም ሆዳቸውን ለጣሪያው ሰጥተው ተንጋለሉ።

«ምን አለች አባዬ?»

«ሁለት ሆድ ሳቅ ነው፤ ሳቀች።»

«በምኑ?»

«እኔ ምን አውቄ። የከተማ ማዙ ናት፤ የገጠሯ ቁም ነገረኛ ናት።»

ቡዳይ ጨው ማሳው አጠገብ ያለችው የገጠሯም ሳቀች። ዛጎል እንደ ጭድ በተከመረበት መንደር ያለችውም ሳቀች።

«ደህና ቀልድ ነው የምትነግራት ማለት ነው» አሉ እትዬ ዩዌሻ ከኋላ።

«የምጠይቃት ቁም ነገር ነው።»

«እሱማ ነው የሚያስቀው» አሉና ዘይቱን ገመጡ።

አንፒንግ ስንደርስ አባቴ የጥንቱን ምሽግ ቲኬት ሻጭ መቅደሱ የት እንደሆነ ጠየቃት። «አባባ፣ ሰው የሚመጣው ለምሽጉ እኮ ነው» አለችው። አልሰማትም። መቅደሱ ውስጥ እንደገና ተሳቀበት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ባንዴ ያረጀ መሰለኝ።

«አልፈቀደችም። በቃ፣ ይቅር። እንመለስ።»

እትዬ ዩዌሻ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ገቡና እንጨቶቹን አነሱ። እንደ ወጉ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ተናገሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ እኔን ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉና ጣሏቸው።

ሁለት ጀርባ። የለም።

«ልክ ናት» አሉ ከኋላ ተራ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት፣ እነማን እንደሆንን እንኳ ሳያውቁ።

የአባቴ ጆሮ በርበሬ መሰለ። ተነሣ፣ ለሦስታችንም ቲኬት ቆረጠ፣ ምሽጉ አናት ላይ ወጣ፤ እዚያ ያለውን አሮጌ መድፍ ተደግፎ፣ «ዩዌሻ፣ ታገቢኛለሽ ወይ?» አለ።

«ርቦኛል። በልቼ ልንገርህ።»

ምግብ ቤት ገባን፤ የዓሣ ሾርባው መጣ። እትዬ ዩዌሻ ከሳህናቸው የዓሣውን ሆድ፣ አንፒንግ ውስጥ ለገዛ ወንድም እንኳ የማይሰጠውን ምርጡን ሥጋ፣ በመብያ እንጨቶቻቸው አንስተው አባቴ ሳህን ላይ አኖሩት።

«ብላ እንጂ» አሉት። «ምን ታየኛለህ፣ ማዙን ልትጠይቅ ነው?»

በላ።

ስንመለስ አባቴ ኋላ፣ ከእትዬ ዩዌሻ ጎን ተቀመጠ። ፊት፣ ከእኔ ጎን፣ ቀበቶ አስሮ የተቀመጠው የዘይቱኑ ከረጢት ነበር።