ድርቅ የሚመርጣቸው ከብቶች

ጀማነሽን ለዓመታት ሲያንገበግባት የኖረው ድርቁ አልነበረም። ድርቅ የሰማይ ነገር ነው፤ ከሰማይ ጋር ማን ይሟገታል? የሚያንገበግባት ድርቁ እየመረጠ የሚገድለው የእሷን ከብት ብቻ መሆኑ ነው። ከመቂ በታች፣ በሟች እናቷ ግቢ፣ የእሷም የወንድሟ የደጋጋም ከብቶች አንድ በረት ያድራሉ፣ አንድ ኩሬ ይጠጣሉ፣ አንድ ፀሐይ ይመታቸዋል። ዝናብ የጠፋ ዓመት ግን ደጋጋ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቂርቆስ ይመጣል፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና «እታለም፣ እግዜር ያመጣው ነው» ይላል። እግዜር የሚያመጣው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ እሷ ነው። የደጋጋ ላሞች ይከሳሉ፣ አጥንታቸው ይወጣል፣ ከዚያ ክረምት ይደርስላቸዋል። የእሷ ይሞታሉ። መጀመሪያ ዳማ ሞተች። በሌላው ድርቅ ዳለቻ ከነጥጃዋ ሞተች። በዚያው ሰሞን የደጋጋ ላም መንታ ወለደች።

ጀማነሽ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ሱቋ ትሸጣለች፤ ካዛንቺስ ላሉ ክትፎ ቤቶችም ታደርሳለች። የሰው ላም ቅቤ ስታነጥር ዕድሜዋን የፈጀች ባለ ላም፣ ከራሷ ላም አንድ ማንኪያ ቀምሳ አታውቅም። «ነጥፋለች እታለም» ይላታል ወንድሟ። ሲሞቱ ደግሞ «ነጥፋለች ብዬሽ አልነበር?» ይላል፤ እንደ ትንቢተኛ።

በአገራቸው ከብት ለርቢ ሲሰጥ ደንብ አለው። ጠባቂው ወተቱን ይጠጣል፤ የሚወለደውን ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል፤ ከብቱ ከሞተ ደግሞ ቆዳውን ገፎ ለባለቤቱ ያሳያል። ቆዳ ያላሳየ ጠባቂ ሸጦ በላ ይባላል። ደጋጋ አንድም ቀን ቆዳ አሳይቶ አያውቅም። «ለእህት ቆዳ ይታያል እንዴ? እንደ ባዳ!» ብሎ ይቆጣል። እሷም አፍራ ዝም ትላለች። ኋላ ኋላ ከሞቱት ላሞች ይልቅ ያ ዝምታዋ ያናድዳት ጀመር።

በ2008 ድርቅ የቀረቻት ቦራ ብቻ ነበረች፤ ቀይ ሆና ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ የእናቷ ላም የልጅ ልጅ። ቦራ ከሄደች ጀማነሽ እዚያ አገር «የኔ» የምትለው ነፍስ ያለው ነገር አይኖራትም። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ደጋጋ ደወለ።

«እታለም፣ ቦራም…»

«ቆዳዋን ይዘህ ና።»

«ምን?»

«ቆዳዋን። ባዶ እጅህን ከመጣህ በር አልከፍትልህም።»

መጣ። ማዳበሪያ ተሸክሞ፣ ፊቱን እንደ ለቀስተኛ አጨማዶ ግቢው ገባ። ጎረቤቷ ማዕዛ ቧንቧው ሥር ልብስ ታጥባለች። ከትግራይ የመጣች፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን ሴት ናት።

«ይኸው» አለ ደጋጋ፣ ማዳበሪያውን እግሯ ሥር አስቀምጦ በርጩማ ላይ እየተቀመጠ። «ወንድምሽን ያላመንሽ፣ ቆዳ እመኚ። ቦራ ናት።»

ጀማነሽ አውጥታ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋችው። ቀይ ነው፤ የራሱ ቆዳ ግን አብሮ የለም። ቀለሙን አልሳተም። ለዚህስ ተጨንቋል።

«ለላም ነፍስ ይማር ይባላል?» አለች ማዕዛ።

ጀማነሽ ቁጢጥ ብላ ቆዳውን ከጭራው በኩል መዳበስ ጀመረች። አንገቱ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጸጉሩ ተመልጧል፤ ቆዳው እንደ ተረከዝ ደንድኗል። በሌላው ጎን አየችው፤ ያው ነው።

«ደጋጋ።»

«አቤት።»

«ቦራን ስታርስባት ነበር?»

«ምን አልሽ?»

«ይኼ የቀንበር ጠባሳ ነው። ላሜን ከማን ጋር ጠምደሃት ነው?»

ማዕዛ የያዘችውን አንሶላ ሳፋው ውስጥ ለቀቀችው። «ጉድ ነው! እትዬ ጀማነሽ፣ እናንተ አገር በላም ይታረሳል?»

«አይታረስም፣ ማዕዛዬ። ድርቁ ነው። ዘንድሮ መጀመሪያ ላሟን በሬ አደረጋት፣ ከዚያ ገደላት።»

«አውቶቡሱ ላይ…» አለ ደጋጋ፣ «ዕቃ ሲወርድ ተቀይሮብኝ ይሆናል።»

«ከማን ጋር? አውቶቡሱ ውስጥ ሌላም የእህቱን ላም ቆዳ የያዘ ወንድም ነበር?» ቆዳውን ገለበጠችው። «ስቡን እየው! በረሃብ የሞተ ከብት እንዲህ ይሰባል? ይኼ የቅርጫ በሬ ነው። ፋሲካን ቆዳ ገዢዎች ሰፈሩን ሙሉ ‹ቆዳ ያለው!› እያሉ ሲዞሩበት ነበር። ከመቂ ድረስ የመጣ ሰው፣ መዋሻውን እንኳ ከኔ ሰፈር ነው የገዛው።»

ስልኳን አወጣች። ደጋጋ ለማን እንደምትደውል ሲገባው ተነሳ።

«እታለም፣ ሽማግሌውን ማስቸገር ምን ያደርግልሻል?»

«ተቀመጥ።»

ጋሽ ፈየራ የእናታቸው ጎረቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከእነሱ አጥር ማዶ የኖሩ። ጀማነሽ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረገችው። ሰላምታው እንደ አገሩ ደንብ ረዘመ፤ ልጆቹ፣ ጤናው፣ ሰማዩ።

«ከብቶቹስ እንዴት ናቸው፣ ጋሽ ፈየራ?»

«ምን ከብት አለ ብለሽ ነው፣ አንቺ ልጅ። ሦስቱ ቀሩኝ። አንዷ ከወደቀች መነሳት አቅቷት በጭራዋ ይዘን ነው የምናቆማት። አሁንም ሜዳው ላይ ይዣቸው ቆሜያለሁ፤ የሚግጡት አቧራ ነው።»

«ቦራስ?»

«ቦራማ አልፎላታል! ጥብቁ ውስጥ ገብታ የለ። ጥጃዋን እያጠባች ከዚህ ትታየኛለች።»

ጥብቅ የሚሉት እሾህ ያጠሩበት ሣር ነው። ክረምት ከብት አይገባበትም፤ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

«መቼ ገባች?»

«ለደጋጋ የሸጥሽለት ጊዜ ነዋ! ያንቺ ሳለች እንደኛዎቹ ውጭ ነበር የምትውለው። ምነው፣ አልሸጥሽለትም እንዴ?»

ማዕዛ ቧንቧውን ዘጋች፤ አንድ ቃል እንዳያመልጣት።

እዚያ ተሽጣለች፤ እዚህ ሞታለች። ጀማነሽ ሁሉም አሁን ወለል ብሎ ታያት። ዳማም ዳለቻም ለምን እንደሞቱ። ድርቁ መራጭ አልነበረም፤ መራጩ የጥብቁን በር የሚከፍተው ነው። የእሷ ውጭ፣ የሱ ውስጥ።

«ሞታ ነው እንግዲህ ሣር ያየችው» አለች።

ደጋጋ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ። «አዎ! ሣሩ ለሁሉም አይበቃማ! የቱን ላትርፍ? ልጆቼ የሚጠጡትን ወይስ ያንቺን? አንቺ በቅቤ ላይ ተቀምጠሽ ላም ብትሞትብሽ ራት አታጪም! በቃ፣ አንዱ ውጭ መቅረት ነበረበት!»

«ይቺን አንዲት እውነት ያን ጊዜ ብትነግረኝ ‹ልጆችህን አጠጣ› እልህ ነበር። የኔዎቹ ሞተው እናታችንን ይጠይቋት፣ እል ነበር። አንተ ግን ላሜን ውጭ አስርበህ እኔን እዚህ ታስለቅሰኛለህ፤ አጽናንተኸኝም ምሳዬን በልተህ ትሄዳለህ። ይኼኛዋን ደግሞ ሳትሞት ቀበርካት።» ወደ ስልኩ ዞረች። «ጋሽ ፈየራ፣ እናቴ ስትናዘዝ ነበሩ አይደል?»

«እንዴታ። እኔ ነኝ ውኃ ያጠጣኋት።»

«ጥብቁን ምን አለች?»

«ለሁለት። ከግራሩ ወዲያ የደጋጋ፣ ከግራሩ ወዲህ የጀማነሽ።»

«እንግዲያው ከግራሩ ወዲህ ያለውን እሾህ ይክፈቱና ከብቶችዎን ያስገቡ። ቦራንም ከነጥጃዋ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ይያዙልኝ፤ በርቢ። ወተቷ የቤትዎ ነው። የምትወልደውን እንካፈላለን።»

«ልጄ፣ ሣሩ እኮ እስከ ሰኔ አያደርስም፤ ሦስት የኔ ከተጨመረበት። ደጋጋስ ምን ይላል?»

«ያለቀ ዕለት የሁላችንም ያልቃል። ደጋጋ እዚሁ ነው፤ ራሱ ይንገርዎት።»

ስልኩን ወደ ወንድሟ አፍ ዘረጋችው።

«ተናገር። ሞታለች ካልክ፣ የሞተች ላም ቢወስዱ ምን ቸገረህ? ገዝቻታለሁ ካልክም እሺ፤ መቼ፣ የት፣ ማን ፊት እንደሸጥኩልህ ለጋሽ ፈየራ ንገራቸው። ምረጥ። መምረጥ ታውቅበት የለ?»

ደጋጋ ስልኩን አየ፣ ማዕዛን አየ።

«ዝም ብሏል» አለች ጀማነሽ። «ይክፈቱ፣ ጋሽ ፈየራ።»

«የወደቀችዋንም?»

«እሷን ደግፋችሁም ቢሆን አስገቧት።»

በስልኩ ውስጥ ንፋስ ተሰማ፤ ከዚያ ደረቅ እሾህ መሬት ለመሬት ሲጎተት፣ ከዚያ ሽማግሌው ላሞቻቸውን በየስማቸው ሲጠሩ። ደጋጋ ተነስቶ ባርኔጣውን ሲያነሳ፣ በሩን ሲከፍት፣ ሲወጣ ዞር ብላ አላየችውም። የመጨረሻዋ ላም እስክትገባ ድረስ ስልኩን አልዘጋችም።