ዕንቁላል የያዘው ወንድ ዓሣ

ዓሣ ስሰነጥቅ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ወንዱን ከሴቷ ለመለየት መነጽር አያሻኝም፤ ሴቷ ሆዷ ውስጥ ቢጫ ዕንቁላል አላት፣ ወንዱ ነጭ የዘር ከረጢት። አለቀ። ታዲያ ከሁለት ወር በፊት አንዱን ወንድ ብከፍተው፣ ነጩ ከረጢት ውስጥ ቢጫ ዕንቁላል ተሰግስጎ አገኘሁ። አጠገቤ የምትሠራው ጓደኛዬ አርጅተሻል፣ ዐይንሽን ታዪ ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንቱ ራሷ እንደዚያው ያለ ዓሣ ከፈተችና ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ለማን ልንገር? ለታናሽ እህቴ ነዋ። ዓሣው ከሚወጣበት ወንዝ ራስጌ ባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ነበረች፤ በዚህ ቢላዋ አሳድጌ፣ በዚህ ቢላዋ አስተምሬ ለወግ ያበቃኋት እኔ ነኝ። ሦስት ዓሣ በበረዶ ጠቅልዬ መርምሪልኝ ብዬ ወሰድኩላት። ያስጨነቀኝ ሥራዬ አይደለም። ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ አራት ወሯ ነበር፤ ሌላው ምግብ ሁሉ አልስማማት ብሎ ጠዋት ማታ የምትጠጣው የዚሁ ወንዝ የዓሣ ሾርባ ነው።

እህቴ ሳትቆይ ደወለች። መርምሬዋለሁ፣ የውሃው ቅዝቃዜ ያመጣው ነው፣ አታስቢ አለችኝ። አመንኳት። እሷን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው? እንዲያውም ገበያ ላይ የሚያጉረመርመውን ሁሉ የተማረች እህት አለችኝ፣ አጣርታልኛለች እያልኩ አፉን አስያዝኩት።

ባለፈው እሑድ ለልጄ የሕፃን ልብስ ይዛ መጣች። ለሦስታችንም ሾርባ ቀዳሁ። ልጄ ፉት ትላለች፣ እህቴ ማንኪያዋን ታማስላለች። ምነው ስላት ዓሣ ሆዴን ይረብሸኛል አለች። ይቺ የዓሣ ጭንቅላት ስትግጥ ያደገች ልጅ! ከመቼ ወዲህ ነው አልኳት። እንጃ፣ ሁለት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም አለች።  ፋብሪካው የወሊድ መከላከያ ክኒን መሥራት የጀመረው ልክ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

«አንድ ማንኪያ ቅመሺ» አልኳት።

ዐይኗ ወደ ልጄ ሳህን ሄዶ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ? የክኒኑ የሴት ሆርሞን ያለበት የፋብሪካው ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ነው የሚለቀቀው። ብናገር ያባርሩኛል።»

«ያመጣሁልሽስ ዓሣ?»

«ጣልኩት። ሳልመረምረውም አውቀው ነበር። ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን በእውነት አላውቅም።»

 አላውቅም ብላ ነው እንግዳ ሰው እንኳ የማያደርገውን ያደረገችብን? ለራሷ ሲሆን ግን ጠርጥራ ትታዋለች። ነገ ገበያ ሄጄ፣ አፋቸውን ላስያዝኳቸው ሰዎች ሁሉ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ?

ልጄ አልጮኸችም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አክስቷ ዞረች።

«አክስቴ፣ ባለፈው ወር እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ጠጪ፣ ለሕፃኑ ጥሩ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።»

እህቴ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ እኔም አልሸኘኋትም። ሳህኖቹን ሳነሳ የእኔና የልጄ ተጠርጎ አልቋል፤ የእሷ እንደተቀዳ ነው።