ዕጣ ያልወጣለት ቤት

ፕሮፌሰሩ ሰፈሩን ለሁለት የከፈሉት በዕጣ ነው። ከመቶ ሃያ ቤት ስልሳው የውሃ ማጣሪያ ያገኛል። የቀረው ስልሳ ለዘጠኝ ወር የለመደውን የጉድጓድ ውሃ ይጠጣና፣ የትኛው ጎራ ተቅማጥ እንደበዛበት ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲው ይህን ጥናትም፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትም ይለዋል። ለስም ማን ብሎት።

ዕጣውን ከካርቶን ያወጣው መረጃ ሰብሳቢው ነበር፤ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ የማስተርስ ተማሪ። አሳድጋ ያስተማረችውን ታላቅ እህቱን ማጣሪያ ከማያገኙት ወገን በገዛ እጁ አወጣት። ቁጥር ሰባ አንድ።

እባክዎ እሷን ላስገባት ብሎ ቢለምን ፕሮፌሰሩ አልተቆጡም፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አንድ ቤት ከተነካ ጥናቱ ገደል ገባ፣ ያንተም መመረቂያ አብሮ ገባ አሉት። ውሃ አፍልታ ትጠጣ ብሎ መምከር እንኳ ክልክል ነው። እሱም ሆድ ይፍጀው አለ። የሰው ሆድ መቼም ብዙ ይችላል።

ሰኞ ሰኞ ቅጹን ይዞ ይመጣና፣ ልጅሽን ስንት ጊዜ አስቀመጣት እያለ እህቱን እንደ ባዳ ይጠይቃል። ውሃችን ምን አለው ብትለው፣ ምንም የለው አላት። እሱ ግን ከቦርሳው ጎን የታሸገ ውሃ ተለይቶት አያውቅም።

አንድ ሰኞ የአራት ዓመቷ ልጇ ሚጡ ተቅማጥና ትኩሳት ጥሏት ተኝታለች። ጠርሙሱን አየችው።

«አጎቴ፣ ካንተ ውሃ ትንሽ አጠጣኝ።»

እጁ ወደ ክዳኑ ሄደ። ከዚያ ቁጥር ሰባ አንድ ትዝ አለውና፣ መድኃኒት ነው፣ ለልጅ አይሆንም አላት፣ እናቷ እየሰማች።

ሐሙስ ሞተች፤ ዓርብ ተቀበረች። ሰኞ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ቅጹን ሞላ። ፕሮፌሰሩ ከልባቸው አዘኑ፣ ሰንጠረዡን ሲያዩ ግን ልዩነቱ አሁን ጎልቶ ወጣ አሉ።

ጥናቱ ሲያልቅ ማጣሪያው ለቀሩት ቤቶችም ታደለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የእህቱን እሱ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ ገጠመላት። እሷም ላቡ ጠብ ሲል አሳዘናት መሰል ከጀሪካኑ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ሰጠችው። ልጇን ቀብራም ለወንድሟ ትሳሳለች።

«ቆይ እታለም፣ መጀመሪያ በማጣሪያው ይለፍ» አለ፣ አፉ አምልጦት።

እህቱ ብርጭቆውን አየችው፤ ከዚያ በቦርሳው ጎን የተሸጎጠውን ጠርሙስ።

«ያ መድኃኒት ያልከው ውሃ ነበር?»

ጠርሙሱን ወደ ቦርሳው ውስጥ ገፋው።

«እኛ ይሄን ስንጠጣ አንተ የት ነበርክ?»

የት እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። እዚሁ ነበር፣ ሰኞ ሰኞ።