ቆሮሶ ቆሮሶ የሚል አይስክሬም

በ1972 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ አዋሳ ፒያሳ ውስጥ ሰባት ሻይ ቤቶችና ሁለት ኬክ ቤቶች ነበሩ። አይስክሬም የሚሸጥ አልነበረም። ከአንዱ ኬክ ቤት ጎን፣ ሦስት ሜትር በአራት የሆነች የቀበሌ ክፍል ባዶዋን ተዘግታ ትውል ነበር።

ማቴዎስ አይስክሬም መሥራት የተማረው ሆቴል ወጥ ቤት ሲሠራ ነው። ክፍሏን እንዲሰጡት ሲጠይቅ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ግዛቸው ፈቀዱለት፤ ነገር ግን የካቲት እስኪያልቅ ደንበኛ ካልታየባት የኪነት ቡድኑ ከበሮ ማስቀመጫ እንደምትሆን አስጠነቀቁት። ማቴዎስ የሆቴሉን ሥራ ለቅቋል፤ ክፍሏ ከሄደች ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

እሱና ሚስቱ ታቢታ ስለ ሁሉም ነገር አሰቡ፤ ወተቱ ከማን እንደሚመጣ፣ ስኳሩ ከየት እንደሚገኝ፣ ኩባያው በምን እንደሚታጠብ። ፍሪዘር ስላልነበራቸው ዓሣ ነጋዴው ደምሴ በራሱ ፍሪዘር ውስጥ፣ ቆሮሶ ከሚባለው የሐይቁ ዓሣ አጠገብ ቦታ ሰጣቸው። አንድ ነገር ግን ረሱ። ሁለቱም ጴንጤ ስለሆኑ፣ ሱቁን የከፈቱት በሁዳዴ የመጀመሪያ ሰኞ መሆኑን ልብ አላሉም።

ቀድመው የመጡት ጎረቤታቸው እትዬ ከበቡሽ ነበሩ። የአይስክሬሙን ባልዲ ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"አንተ ማቴዎስ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ሰኞ ነው፣ እትዬ።"

"በሁዳዴ ሰኞ ወተት? ሰይጣን እንኳ በመጀመሪያው ቀን አይፈትንም!"

ያንን ባልዲ ባልና ሚስት ቁርስ፣ ምሳና እራት አድርገው ጨረሱት። ከዚያ ማቴዎስ ከፓፓያ፣ ከሎሚ፣ ከስኳርና ከውሃ ብቻ አዲስ ሠርቶ በደምሴ ፍሪዘር ውስጥ አሳደረው። በማግስቱ በሩ ላይ "የጾም አይስክሬም" ብሎ ጻፈ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ጾመኛው ሲፈታ፣ ሰው ተሰበሰበ። የገዛ ግን የለም።

"ወተት የለበትም?" አሉ እትዬ ከበቡሽ።

"የለበትም።"

"ማርያምን በል!"

"እኔ አልምልም፣ እትዬ። የለበትም ካልኩ የለበትም።"

"አያችሁ፣ አፉ ተያዘ!" አለ ልብስ ሰፊው ሽበሺ። "እሺ፣ በሚስትህ ማል!"

"በኔም አይምልም!" አለች ታቢታ ከውስጥ።

እትዬ ከበቡሽ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

"ይሄማ ቆሮሶ ቆሮሶ ይላል!"

ማቴዎስ ባልዲውን ወደ ራሱ ሳበ። "ይቅርታ፣ እትዬ፤ ያደረው ደምሴ ፍሪዘር..."

"የምን ይቅርታ ነው? ዓሣ እንደሆነ በጾም ይበላል። ዓሣና ወተት አንድ ዕቃ ውስጥ የሚጨምር ዕብድ ደግሞ የለም። ስለዚህ ወተት የለበትም። በል ስጠኝ!"

"ዓሣም አይበላም የሚሉ አሉ'ኮ" አለ ሽበሺ።

"እነሱ ሐይቅ የሌላቸው ናቸው!"

ሽበሺ ትንሽ አሰበና ሁለት ኩባያ አዘዘ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ጓድ ግዛቸው ከበሮ የተሸከሙ ሁለት ወጣቶች አስከትለው መጡ። ሰልፉ በሩን ዘግቶት ነበር።

"ምንድን ነው? ስኳር መጣ እንዴ?"

"አይስክሬም ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አለች ታቢታ፤ አንድ ኩባያም ሰጠቻቸው።

ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ። "ዓሣ ዓሣ ይላል!"

"እሱን ብለን እኮ ነው የተሰለፍነው!" አሉ እትዬ ከበቡሽ። "ይልቅ ተራ ይያዙ።"

ሊቀ መንበሩ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ከበሮዎቹ ወደ ቀበሌው ተመለሱ፤ ክፍሏም ለማቴዎስ ጸናችለት።

ሰው ለዓሣ ሽታ ብሎ መሰለፉ ማቴዎስን እንቅልፍ ነሳው። በሚቀጥለው ሳምንት ከአንድ ቅይጥ አርባ ኩባያ ሠርቶ ሃያውን ደምሴ ዘንድ፣ ሃያውን ለአንድ ሌሊት ለምኖ ባገኘው፣ በደንብ በታጠበ የሆቴል ፍሪዘር አሳደረ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጎን ለጎን አቀረበ። ቆሮሶ ቆሮሶ የሚለው ሃያውም አለቀ። ከማይሸተው የተሸጠው ሦስት ብቻ ነው፤ ሦስቱም ገዢዎች ጴንጤዎች ነበሩ።